ወደ ገጽ ስድስት ዞሯል

ዓሊዩ አምባ፣ የካቲት 1981 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዓብዱ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔም አባባም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ደብዳቤህ ከቀረ ግን ወራት ስላለፉ ሰላምታውን አሳጥሬ ልቆጣህ ነው። ጦር ሜዳ ያለ ሰው ወረቀት ያጣል ይሉኛል። አላምንም፤ አንተ ስለ ኳስ የተጻፈ ከሆነ ከድንጋይ ሥርም ፈልፍለህ ታወጣ ነበር።

አደራ በላ አይደለሁም። አባባ ለሱቁ መጠቅለያ የሚያመጣውን አሮጌ ጋዜጣ መጀመሪያ የማገላብጠው እኔ ነኝ። ስለ ደብረ ብርሃኑ ቡድናችን ስለ ጮራ የተጻፈውን ሁሉ እየቆረጥኩ ሳጥንህ ውስጥ አስቀምጣለሁ። "ከጋዜጣ ያላነበብነውን ጨዋታ አልተጫወቱትም" ያልከው ሕግህም እንደጸና ነው። የመኪና ረዳቶች የዋንጫውን ውጤት ሊነግሩኝ ሲሞክሩ ጆሮዬን ይዤ እሮጣለሁ። እብድ ናት ይላሉ። ይበሉ።

በጥር ወር የዋንጫው ዜና እጄ ገባ። አንድ እኩል ናቸው፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፤ ዳኛው ለጮራ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ አጥቂው ኳሷን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሄደ... "ወደ ገጽ 6 ዞሯል" ይላል። ገጽ ስድስት የለም! ለካ አባባ ከገና በፊት፣ እኔ ሳላገላብጠው፣ መነጽሩን ሳያደርግ ለአንኮበሯ የቄስ ሚስት፣ ለእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ቁንዶ በርበሬ ጠቅልሎበት ሰጥቷቸዋል።

አቀበቱን ወጣሁ። ቤታቸው ስገባ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ቀኑን አይቼ አወቅኩት። ግን የስንዴ ማሳ ፎቶ ያለበት ገጽ አምስት ወደ ቤቱ፣ ገጽ ስድስት ወደ ጭቃው ዞሯል! ሙቅ ውሃና ጨርቅ ለመንኳቸው።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ቀስ ብዬ ልልጠው እትዬ፤ የኳስ ውጤት አለበት።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። "እሱንስ አትንኪብኝ ልጄ። የኔው ልጅ ዘርአ ዳዊት ነው የለጠፈው። ለገና ቤቱን አሳምሮልኝ በሳምንቱ ለዘመቻ ወሰዱት። እጁ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።"

ጨርቁን አስቀመጥኩት። አጠገባቸው ተቀምጬ ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩ፤ ናፍቀኸኛል ዓብዱ።

"በይ በቃሽ" አሉኝ ቆይተው። "ሲመጣ ለበዓል ቤቱን የሚያድስልኝ እሱ ነው። ያን ጊዜ አሮጌውን ራሱ ይላጠው። ያንቺም ወንድም መጥቶ ያግዘው።"

እሺ ብያቸው ወረድኩ። ከረዳቶቹ አንዱን ጠይቄ መገላገል እችላለሁ፤ ግን አላደርገውም።

እንግዲህ ስማኝ። ኳሷ ነጥቡ ላይ ናት። አጥቂው አልመታም፤ እናንተ ሁለታችሁ ሳትመጡ አይመታትም። በረኛውም ቆሞ ይጠብቅ። ትመጣለህ፣ ኢንሻአላህ፤ ጨዋታ አቋርጠህ የትም ሄደህ አታውቅም።

ሙቅ ውሃውን እኔ አፈላለሁ።

ያኮረፈችህ እህትህ፣
ነሲባ