ሁለት ጊዜ የተቀየረው ሰዓት

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2005

መጣ! ኢሜይሉ መጣ። ከዩኒቨርሲቲያችን ጋር ሰው የሚለዋወጡት ፊንላንዶች ሐሙስ በስካይፕ ያናግሩኛል። ካለፍኩ ሦስት ወር እነሱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየሠራሁ እቆያለሁ። እኔ አስቴር! በዲፕሎማ ተቀጥሬ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሳስወጣና ሳስገባ የኖርኩት! እስከ ዛሬ ውጭ አገር የሚሄዱት መምህራን ብቻ ነበሩ፤ እኛ የቢሮ ሠራተኞች መሸኘትና መቀበል ነው የምናውቀው። ዘንድሮ አለቃዬ አቶ ማርቆስ «ለሠራተኛም ተፈቅዷል ይላል እኮ ወረቀቱ!» ብለው ቢሮ ለቢሮ ተሟገቱልኝ። ቦታው አንድ ነው። እኔ ካልተሳካልኝ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

የጻፈልኝ ፔካ የሚባል አስተባባሪ ነው። «ሐሙስ 3፡00» ይላል። ፈረንጅ 3፡00 ካለ የኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ። የነሱና የኛ ሰዓት አሁን ልዩነቱ አቆጣጠሩ ብቻ እንደሆነ አጣርቻለሁ። እኔን ማን ይሸውደኛል! ከታች የቀረ ጽሑፍ ነበረው፤ መብራት ጠፋና ኮምፒውተሩ ሞተ። ግድ የለም፣ ዋናውን አይቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦
እንግሊዝኛዬ።
አራዳ ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ ቀሚሴን እስከ ሐሙስ ታደርስልኝ ይሆን?
ለግንቦት 20 በዓል አዳራሹ ውስጥ መዝሙር እየተለማመዱ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ይጮኻል። (ይሄኛው ተፈታ። አቶ ማርቆስ የራሳቸውን ቢሮ ለቀቁልኝ።)
ቤተ መጻሕፍታችሁ ምን ያህል ዘመናዊ ነው ብለው ቢጠይቁኝስ?

ምን እላለሁ? አንድ መጽሐፍ አንድ ኮፒ ነው ያለን። ተማሪዎቹ ሲጣሉበት ሰለቸኝና አምና ከኋላ በረንዳው ላይ ሰበሰብኳቸው። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ ያልገባው ካለ አንዷ በአማርኛ፣ ቀጥላ በወላይትኛ ታስረዳለች። ስምንት ሰው በአንድ መጽሐፍ ለፈተና ይዘጋጃል። አቶ ማርቆስ «መንግሥት አንድ ለአምስት ተደራጁ አለ፣ አንቺ አንድ ለስምንት አደረግሽው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሄንን ግን ለፊንላንዶቹ ትንፍሽ አልልም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጩኸት! ምን ይሉኛል?

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ቤሌ ከተማ ላለችው እማዬ ደወልኩ። «ሳሮ?» ብላ በወላይትኛ ደህንነቴን ጠየቀች፣ እንደ ልማዷ። ነገርኳት። ደስ አላላትም። «እዛ ማን አለሽ? ብትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል? ምን ጎደለባቸውና ነው አንቺን የሚጠሩት?» አለች። እውነትም ምን ይጎድልባቸዋል? እሷ ሳትመርቀኝ የትም አልሄድም፤ እሷም ታውቀዋለች። እጸልያለሁ ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ወይኔ! ወይኔ አስቴር!

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት ካስክ ሥር ነበርኩ። አምሬ፣ ቀሚሴን ለብሼ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። አንድ ሰዓት ቀድሜ በመድረሴ ራሴን አደነቅኩ። ኢሜይሌን ስከፍት ፔካ፦ «አርባ ደቂቃ ጠበቅንሽ። ደህና ነሽ ወይ?»

የሰኞውን ከፍቼ እስከ ታች አነበብኩት። «ይህ 3፡00 በእናንተ አቆጣጠር ነው። ቀኑን ከንጋት ጀምራችሁ እንደምትቆጥሩ እዚህ ያለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አስተምሮኛል። እንዳትቸገሪ ብዬ እኔው ቀይሬዋለሁ» ይላል። እሱ ለኔ ብሎ ቀየረው፤ እኔ ደግሞ ለሱ ብዬ መልሼ ቀየርኩት!

አቶ ማርቆስ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና ኢሜይሉን እስከ ታች አነበቡት። ቁጣው በተሻለኝ። ከዚያ «አሞኝ ነበር እንዳትዪ። የሆነውን እንዳለ ጻፊለት» አሉኝ። እያለቀስኩ ጻፍኩ። የተሠራ ፀጉሬ ላይ ሻሽ አስሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

እንዲህ ያለም ሰው አለ!

ፔካ መለሰልኝ። ደብዳቤዬን ለባልደረቦቹ ሲያነብላቸው ሁሉም እንደሳቁ፣ ጥፋቱ የሱም እንደሆነ፣ ሰኞ እንደገና እንደሚያናግሩኝ ጽፏል። «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በእናንተ፣ በእናንተ፣ በእናንተ» ብሎ ሦስቴ ደጋግሞታል። ፎቶም ልኮልኛል። ቢሮው ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል። አንዱ የነሱ ነው። ሌላው በኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ ከሥሩ በወረቀት ላይ በኛው ፊደል «ሶዶ» ተብሎ ተጽፏል። የ«ሶ» እግሯ ተንጋዷል፤ እጁ እንዳልለመደ ያስታውቃል። የኔን ጠዋት የሚያይበት ሰዓት ሰቅሏል እኮ! ከተማችን ራስጌ ያለውን ዳሞታ ተራራ አይቶት የማያውቅ ሰው! ፎቶውን ስንቴ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። አቶ ማርቆስም መነጽራቸውን አድርገው ሲያዩት ቆዩና «ጉድ ነው» ብቻ አሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

አለቀ። በአንድ ሰዓት ተኩል ቢሮ ደርሼ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።

ፔካ ወጣት ነው፤ ጢማም ሽማግሌ ነበር የመሰለኝ። አጠገቡ ፀጉራቸው ነጭ የሆነ ሴትዮ ነበሩ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው። ያጠናሁትን ሁሉ በደንብ መለስኩ። በመጨረሻ ሴትዮዋ «እኛ የማናውቀው፣ አንቺ ግን የምትሠሪው ምን አለ?» አሉኝ። ስለ ካታሎግ ልናገር አፌን ስከፍት በረንዳው አመለጠኝ። አንዱ እንደሚያነብ፣ ሌሎቹ እንደሚሰሙ፣ በሦስት ቋንቋ እንደሚከራከሩ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ድምፅ እያሰሙ? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ?»

«ይቅርታ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ለምንድነው ይቅርታ የምትጠይቂው?» አሉ። እነሱ ጋ ለእያንዳንዱ ተማሪ ወንበርም መጽሐፍም ኮምፒውተርም እንዳለው፣ ግን ብቻውን ገብቶ ብቻውን እንደሚወጣ፣ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስም የማይተዋወቁ እንዳሉ ነገሩኝ። «እኛ ጋ ብትሞክሪው...» ሲሉ መስመሩ ተቆረጠ። ተመልሶ አልገባም። ምን ሊሉ ነበር?

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

አለፍኩ! ጥሪው መጣ፤ በአዲሱ ትምህርት ዘመን መግቢያ ነይ ይላል። የሥራው ዝርዝር ላይ «የጋራ ንባብ ታስጀምራለች» የሚል አለበት። የማፍርበት ነገር ማኅተም ተደርጎበት መጣልኝ። አቶ ማርቆስ ብድግ ብለው ሁለት እጄን ጨበጡኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለኔ ሲነሡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ የፈራሁት ቀረ፤ እማዬ። ደወልኩላት።

«ምን አድርጊልን አሉሽ?» አለችኝ።

«አብሮ ማንበብ አሳዪን አሉኝ።»

«ማንበብ አይችሉም እንዴ?»

«ይችላሉ። ግን ሁሉም ለየብቻው ነው የሚቀመጠው። አንዱ ሲቸገር የሚጠይቀው የለም አሉኝ።»

«የሚጠይቀው የለም?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ።

«ውይ፣ የሰው ልጆች!» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ከልቧ አዘነችላቸው። «በይ ሂጂላቸው።»