ስምሽ ያለበት ገጽ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፣
ናይሮቢ

ፀዲዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ደህና መሆንሽን ከእናትሽ እሰማለሁ። እሑድ እሑድ ስትደዋወሉ ሬዲዮ የማዳምጥ መስዬ እቀመጣለሁ እንጂ ጆሮዬ እናንተው ጋ ነው። ቤት መቀየርሽን፣ ጥርስሽን መነቀልሽን ሁሉ አውቃለሁ። ስልኩን ተቀብዬ ላናግርሽ ያልቻልኩት በምን እንደምጀምር ስለማላውቅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በጽሑፍ ይሻለኛል።

እዚህ ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ አላባራም፤ የማንኪራ ሰዎች የቡናው ለቀማ እንዳይስተጓጎልባቸው ሰግተዋል። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል። አልነገረችሽም፤ እኔ ነገርኩሽ። የወንድምሽ የልዑልቃል ሚስት ኤሊ ሴት ልጅ መገላገሏን ሰምተሻል። እንዴት እንደተገላገለች ግን አልሰማሽም፤ እናትሽ እንድትደነግጪ አልፈለገችም። እኔ ልንገርሽ፤ ያንቺም ጉዳይ ስላለበት።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የደም ለጋሾች ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። ሆስፒታል ደም ሲያጥር ይደውሉልኛል፤ እኔ ደግሞ የደም ዓይነቱ የሚገጥም ሰው ፈልጌ እጠራለሁ። ሥራውን የጀመርነው በአንድ ደብተር ነበር። በኋላ የባለሱቁ የከሊል ልጅ ሚንሃጅ፣ ካንቺ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ ይማር የነበረው፣ ደብተሩን ወደ ድረ ገጽ ለወጠልን። ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው የሠራሁት አለኝ። በዙሪያችን ካሉት ከተሞች፣ ከዋጫና ከደካ ሳይቀር፣ ሰው እየተመዘገበ አሥራ ሁለት ሺህ ደረስን፤ የእያንዳንዱ ሰው ደም የሰጠበት ቀን ሁሉ አብሮ ይቀመጣል። ያኔ ችግር መጣ። ሚንሃጅ ገጹን ያስቀመጠው ሱቃቸው ጓሮ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ አራት አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲከፍተው ይደርቃል። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሳይከፈትልኝ ቀርቶ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ፤ በደብተሩ ውስጥ ካሉት ደግሞ ግማሾቹ ስልካቸውን ለውጠዋል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሚንሃጅ ጠራኝ።

"ቲቸር፣ አሁን ይሞክሩት" አለኝ።

ሞከርኩት፤ ወዲያው ተከፈተ። ምን እንዳደረገ ጠየቅሁት።

"ገጹ በተከፈተ ቁጥር መዝገቡ በሙሉ ታሽጎ ከተቀመጠበት ይፈታል። ፒኤችፒ በራሱ ሲያሽገው ብዙ ቦታ ይፈጅ ነበር፤ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ይሞላና ይቆማል። አሁን ሌላ ማሸጊያ ጨመርኩበት። ኤክስቴንሽን ነው፤ ፒኤችፒ ላይ የሚቀጠል ተጨማሪ ፕሮግራም፤ ስሙ ቋጠሮ ይባላል።"

"ቋጠሮ? በአማርኛ?"

"በአማርኛ። የሠራው ሰው ያገራችን ልጅ ሳይሆን አይቀርም።"

የሒሳብ መምህር ታውቂዋለሽ፤ ካልገባኝ አልነሳም። ከመጀመሪያው አስረዳኝ አልኩት። የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን አሳየኝ። በድሮው "የደም ዓይነት" የሚለው ቃል አሥራ ሁለት ሺህ ጊዜ ተጽፏል፤ "ቦንጋ" ብቻ አምስት ሺህ ጊዜ። በቋጠሮ ግን አንድ ቃል አንዴ ይጻፋል፤ ሁለተኛ ሲመጣ "ያ ሦስተኛው ቃል" የምትል ትንሽ ቁጥር ትተካዋለች። ቁጥሮቹም በፊደል መልክ አይዘረዘሩም፤ ማሽኑ ራሱ በሚያውቀው መልክ ይቀመጣሉ። መዝገቡ ከሲሶ በታች ሆነ። ሲፈታ ደግሞ አንዲት ስም፣ አንዲት ቀን አልጎደለችም፤ ሃምሳ ሰው መርጬ ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩ። ፀዲ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲህ አሳጥሮ፣ ምንም ሳያጎድል ሲሠራ ካየሁ ሰሌዳው ላይ አስወጥቼ ለሌሎቹ አሳየዋለሁ።

"ማነው ይህን ያሰበ?" አልኩት።

ቋጠሮን የሠራውን ሰው ገጽ ከፈተልኝ። ግርጌው ላይ ስምሽ ከነአባት ስምሽ ተጽፏል።

ሚንሃጅ ዞር ብሎ አየኝ። "የኛዋ ፀደንያ ናት እንዴ?"

"ናት" አልኩትና ተነስቼ ወጣሁ።

ሕክምናውን ትቼዋለሁ ብለሽ የመጣሽ ቀን ያልኩሽን ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ እዚህ አልደግመውም።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ ከዚያም በማግስቱ። ሰዎች እየጻፉልሽ አንቺ የመለስሽላቸውን ሁሉ አነበብኩ። እንግሊዝኛው አልከበደኝም፤ ያልገባኝን ሚንሃጅ ፈታልኝ። አንድ የብራዚል ሰው ዜሮዎቹ ተበላሹብኝ ብሎ ሲጽፍልሽ በሁለት ቀን አስተካክለሽ፣ ስላሳወቅኸኝ አመሰግናለሁ ብለሽዋል። ሌላው ሥራሽን አጣጥሎ፣ ክብር በሌለው ቃል ጽፎልሻል። እሱንም አመስግነሽ፣ ትክክል የተናገረባትን አንዲት ነጥብ ተቀብለሽ፣ ስህተት የሆነችውን በማስረጃ አሳየሽው። ያንን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከእኔ እንዳልወረስሽ አውቃለሁ።

ለእናትሽ እንኳ አልነገርኩም።

መስከረም 29 ቀን፣ ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ ኤሊ ሆስፒታል ተገላገለች። ሕፃኗ ደህና ነበረች፤ የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። ዶክተር ሃሌሉያ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ፣ "ጋሽ ገብረወልድ፣ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ያለን አንድ ከረጢት ብቻ ነው" አለችኝ። እኔ፣ ልዑልቃል፣ ተጠርቶ የመጣው ሚንሃጅና ሁለት ነርሶች መዝገቡን በየስልካችን በአንድ ጊዜ ከፈትነው። ሐምሌ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይደርቅ ነበር። ለአምስታችንም ተከፈተ፤ ስሞቹን ተከፋፍለን ደወልን። አንዱ አላነሳም። አንዷ ደም ከሰጠች ወር አልሞላትም። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው አስማ ሱቋን ለጎረቤት ትታ መጣች። የማንኪራው አስፋው የንብ ቀፎው ላይ ሳለ ነው ስልኩን ያነሳው፤ በሞተር ሲደርስ ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ሦስተኛዋ መምህርት ናት፤ የፈተና ወረቀት እንደያዘች መጣች።

ደሙ ተመርምሮ እስኪገባ ልዑልቃል ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሯ ወጥታ፣ "ቆሟል። ትተርፋለች" አለችን። ልዑልቃል እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ቆይታ ዶክተሯ፣ "ሰዎቹን እንዲህ ቶሎ ከየት አገኛችኋቸው?" አለች። ሚንሃጅን አሳየኋት። እሱ ደግሞ፣ "ገጹ የኔ ነው፤ እንዲህ ፍጥን እንዲል ያደረገችው ግን የሳቸው ልጅ ናት" አላት።

"ያቺ ኬንያ ሕክምና የምትማረው?" አለችኝ።

ፀዲዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የነገርኩት። ዘንድሮ ትመረቃለች ብዬ ለቄሱ ሳይቀር ነግሬያለሁ። እናትሽ ታውቃለች፤ ፊቷን ታዞራለች እንጂ አፍ አውጥታ አላሳፈረችኝም። ያን ቀን አጠገቤ ቆማ ነበር።

"አይደለም" አልኳት ዶክተሯን። "ሕክምናውን ሦስተኛ ዓመት ላይ ትታዋለች። ፕሮግራመር ናት። ቋጠሮ የሚባል ነገር ሠርታለች፤ ጊዜ ካለሽ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳሽ።"

ጊዜ አልነበራትም፤ ሳቀችና ወደ ሥራዋ ገባች። እናትሽ ግን እጅጌዬን ይዛ እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀችኝም።

ኤሊ አሁን ትንሽ ትንሽ መራመድ ጀምራለች። ሕፃኗ ግንባሯ ሰፊ ነው፤ ያንቺን ይመስላል ይላሉ። ይህን ደብዳቤ ሚንሃጅ ፎቶ አንስቶ በኢሜይል ይልክልሻል፤ ዋናው እኔ ጋ ይቀመጣል፤ ስትመጪ እሰጥሻለሁ።

አምላክ እጅሽን ያበርታው፤ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ በሰው አገር ደግ ጎረቤት አያሳጣሽ። ያጣጣለሽንም ሰውዬ ልቡን ያለዝብለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት እየወጣሁ፣ ሕክምና ትማራለች ብዬ የነገርኳቸውን ሰዎች በየቤታቸውና በየሥራቸው እየዞርኩ እውነቱን ስነግራቸው ሰነበትኩ። ለቄሱ ትናንት ነገርኳቸው። አሁን የቀሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ደካ ነው ያለው፤ ነገ ቅዳሜ በመኪና እሄዳለሁ።

አባትሽ
ገብረወልድ