የሌሊት ተረኞችን ልጆች ያሳደጉት ወይዘሮ አሌያማ ፓውሎስ (1945–2019)

ወይዘሮ አሌያማ ፓውሎስ ከአባታቸው ከአቶ ቻንዲ ማታይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራሄላማ፣ በህንድ አገር በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ በፓምፓ ወንዝ ዳር ባለችው በኮዘንቸሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 1945 ተወለዱ። አባታቸው ሩዝና የጎማ ዛፍ የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ።

በሰፈራቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ነርስነት ለመማር ወደ ማድራስ ከተማ እሄዳለሁ አሉ። አባት “የዚህ ቤት ሴት ልጅ ብቻዋን ባቡር ስትሳፈር አይተን አናውቅም” ብለው ቢያንገራግሩም፣ ወይዘሮ ራሄላማ “እንግዲያው ነገ ጣቢያ ሄደህ እያት!” ብለው ልጃቸውን ሸኙ።

በ1968 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ በሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1971 አገራቸው ተመልሰው ከመምህር ፓውሎስ ኢፔ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። መምህሩ ሌስተር ሲደርሱ የአገራቸው የመምህርነት ማስረጃ አልሠራ ስላላቸው ካልሲ ፋብሪካ ገቡ። በ1972 የመጀመሪያ ልጃቸው ሪና ተወለደች።

የባልና ሚስቱ የሥራ ተራ እየተጋጨ ልጅ የሚይዝ ጠፋ፤ አከራያቸውም ሕፃን አልፈልግም አሉ። በዚያ ዘመን ከኬረላ የመጡ ነርሶች እንደሚያደርጉት፣ ወይዘሮ አሌያማም ዓመት ያልሞላትን ልጅ ይዘው ወደ ኮዘንቸሪ ሄዱና ለእናታቸው ሰጥተው ተመለሱ። ጡታቸው ሳይነጥፍ ሥራ ገቡ።

አራት ዓመት አለፈ። በ1977 የራሳቸውን ቤት ይዘው ልጃቸውን ለመውሰድ ሲሄዱ ሪና አያቷ ቀሚስ ሥር ተደበቀች። “አማቺ፣ ይቺ ሴትዮ የምትሄደው መቼ ነው?” ብላ አያቷን ጠየቀች። ወይዘሮ ራሄላማ የልጅቷን ልብስ ማጠፍ ቀጠሉ።

ሌስተር ከመጣች በኋላ ሪና እናቷን በስማቸው “አሌያማ” ብላ ነበር የምትጠራው። አያቷ ሲጠሩ የሰማችው እንዲያ ነዋ። ከእናቷ እጅ ጉርሻ አልቀበልም አለች፤ ሳህኗን ይዛ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። በትምህርት ቤትም ቃል አልተነፈሰችም። አስተማሪዋ ወላጆቿን ጠርታ በቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገሩ መከረቻቸው። መምህር ፓውሎስ ተስማሙ።

“አስተማሪዋ የምታውቀውን ነው የምትናገረው፤ ልጅቷ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ልትቀር ነው” አሉ።

ወይዘሮ አሌያማ በትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “አራት ዓመት በሰው እጅ አሳደግኋት። አሁን ደግሞ በሰው ቋንቋ ላሳድጋት? እንግሊዝኛውን ከመንገድም ትለቅመዋለች። እኔን ከየት ትለቅመኛለች?”

በቤት ውስጥ የአገራቸው ቋንቋ ማላያላም መነገሩ ቀጠለ። እንግሊዝኛውም በዓመቱ መጣ። ቆይቶማ ሪና የእናቷን አነጋገር ታርም ጀመር።

በጥር 1978 ወይዘሮ ራሄላማ አረፉ። ቴሌግራሙ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነበር። ወይዘሮ አሌያማ ለሪና የነገሯት ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ እየለቀሙ ሳለ ነው። ልጅቷም፣

“አማቺ ያንቺም እናት ነበረች?” ብላ ጠየቀች።

“የእኔም ናት።”

“እንግዲህ አንቺም እናት የለሽም” አለች፤ መጥታም አጠገባቸው ተቀመጠች። አብረው አለቀሱ። የዚያን ቀን ምሳ ከእጃቸው በላች።

በማላያላም “አሜ”፣ እናቴ ማለት ግን ከዚያ በኋላም ሳምንታት ፈጀ። አንድ ጠዋት ሪናን ትምህርት ቤት በር ላይ አድርሰው ሲመለሱ፣ ቦርሳዋን ረስታ ኖሮ “አሜ! አሜ!” እያለች ከኋላቸው ትጮኻለች። ወይዘሮ አሌያማ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ሌላ ሴት የተጠራች መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ።”

በ1979 ሳጃን ተወለደ። እሱን የትም አልሰደዱትም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ልጅ ወደ አገር ሊልኩ ቲኬት የሚያፈላልጉ ነርሶችን “መጀመሪያ እኔ ቤት አምጡት” ይሉ ነበር። ሳሎናቸው በሌሊት ተረኞች ልጆች ተሞላ። መምህር ፓውሎስ “ሴትዮ፣ ቤታችን እኮ ባቡር ጣቢያ ሆነ” ሲሏቸው፣ “ታዲያ ተሳፋሪዎቹን ገንፎ አብላልኝ” ብለው ጭልፋውን ይሰጧቸዋል። መምህሩም ያበሉ ነበር፤ ሒሳብም ያስጠኗቸው ነበር።

በ2003 ሪና የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ሊያርሷት ሄዱ። ሕፃኑን አብረው ሲያጥቡ፣ “አሜ፣ እንዴት ብለሽ ሰጠሽኝ?” አለቻቸው። ወይዘሮ አሌያማ “ልክ ነበርኩ አልልሽም። ሌላ መንገድ ነበረኝም አልልሽም” አሉ። ቀጥለውም “ውሃው ሳይቀዘቅዝ እንጨርስ፤ አንገቱን ደግፊው” አሏት። በዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ግን አብረው ይውሉ ነበር።

መምህር ፓውሎስ በ2004 አረፉ። ወይዘሮ አሌያማ በ2005 ጡረታ ወጡ። የኩላሊት ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2019 በልጃቸው በሪና ቤት፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ኮዘንቸሪ ያሉት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ሶሳማ በሕይወት አሉ። ዛሬ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አብዛኞቹ ከማህፀናቸው የወጡ አይደሉም፤ እናቶቻቸው ሌሊት ሲሠሩ በእሳቸው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸው።

የሰው ልጅ በራቸው ላይ አላቆሙምና፣ ጌታም በደጁ አያቁማቸው። አሜን።