በገመዱ ክብ ውስጥ የገባችው ልጅ

ለማልጠግብህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ደጅህ ድረስ ይምጣልህ። እንደምን ከርመሃል? ያ ወለም ያለህ ቀኝ እጅህ ተሻለህ? ባለቤትህ እትዬ እንደጻፈችልን ከሆነ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶሃል። ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አንተን ከመናፈቅ ሌላ ሕመም የለንም፣ የእማዬ ጉልበት ካልተቆጠረ። ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ጎረቤት ይመስክር።

አሁን ልታሾፍብኝ ነው። የሒሳብ አስተማሪው በመልቀቁ ርዕሰ መምህሩ ሒሳብ አስተምሪ አሉኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ስሌቱ ለአንተ ደርሶ ለእኔ የቀረው ፍርሃቱ እንደነበር ታውቃለህ። የስብስብ ትምህርት ላይ ስንደርስ ልጆቹ ምልክቶቹን እያምታቱ አስቸገሩኝ። ∪ ቀና ብሎ የተቀመጠ ኩባያ ነው፣ የሁለቱንም ስብስብ ሁሉንም ይይዛል፤ ∩ ግን የተደፋ ኩባያ ነው፣ ከሥሩ የሚቀረው የሁለቱ የጋራ ብቻ ነው አልኳቸው። ከዚያም ሁለት ገመድ ወለሉ ላይ በክብ በክብ ዘርግቼ ጫፋቸውን አደራረብኩ። ታላቅ ወንድም ያለው በዚህ፣ ታላቅ እህት ያለው በዚያ፣ ሁለቱም ያለው መሐል ላይ ይቁም ስላቸው እየተገፋፉ ገቡና ገባቸው።

የቀረኝ ባዶው ስብስብ ነበር፤ ይህ ∅። ማንም የማይገባበት ክብ ያስፈልገኝ ስለነበር አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ ባሕር ማዶ ስትሄድ እነዚህ ልጆች ገና አልተወለዱም። አንደኛው ገመድ የክፍላችን ልጆች ናቸው፣ ሁለተኛው ወንድሜን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው፣ ያየው ካለ መሐል ይግባ አልኩ። መልሱን ∅ ብዬ ሰሌዳው ላይ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ። ሁሉም ሳቁ። ከኋላ ግን በትንሽነቷ ድንቢጥ የምላት ልጅ ተነስታ መጣችና ሁለት እግሯን ገጥማ መሐሉ ላይ ቆመች።

መስሎኝ የነበረው ቀልድ ነው፤ ተቆጣኋት። እሷም ቀስ ብላ፣ ትምህርት ሲጀመር ገብተህ መጨረሻው መስኮት ጋ እንደምትቆም፣ እኔ ጠመኔ ጆሮዬ ላይ ስሰካ አፍህን በእጅህ ሸፍነህ እንደምትስቅ ነገረችኝ። ለምን ይሸፍናል ብላት የፊት ጥርሱ ስባሪ ነው አለች። ይህን እዚህ ላለ ሰው ተናግሬ አላውቅም። በየትኛው እጁ ብላት ቀኟን አነሳች። ወለም አለው የተባለው እጅህ ነው። ዳስተር አንስቼ መልሱን አጠፋሁት።

ለእማዬ ስነግራት ልጅ ምን ያውቃል ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አኖረችና ቆሞ እንዳይደክመው ወንበር አድርጊለት አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደወለ ወይ ብላ አትጠይቅም። ወንበሩን መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩ። ለልጆቹ ምንም አላልኳቸውም፤ ግን ዞረውት ያልፋሉ እንጂ ማንም አይቀመጥበትም፣ ቦርሳም አያንጠለጥልበትም። ድንቢጥ አንዳንዴ ዞር ብላ በትሕትና አንገቷን ትሰብራለች። እኔም ወደ ሰሌዳው ስዞር ማጅራቴ ላይ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ፈራሁ፣ ወንድምዓለም።

ስንደውል የምታነሳው እትዬ ናት፤ አሁን ተኛ፣ አሁን ወጣ ትለናለች። ደብዳቤውም በእሷ እጅ የተጻፈ ነው። እባክህ አንድ መስመር ብቻ ራስህ ጻፍልኝ። በግራህም ቢሆን ይሁን፤ ጽሑፍህ ድሮም ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ትመርቃለች።

እትዬ፣ የአንቺን ሰላምታ ለብቻው አቆየሁት፤ ይህን ከፍተሽ የምታነቢው አንቺ እንደሆንሽ ልቤ ነግሮኛል። እማዬ እንዳትሰማ ብለሽ ከሆነ የተሸከምሽው፣ እማዬ ጥቁር ልብሷን አውጥታ አጥባ አስጥታዋለች። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ከእንግዲህ ልጆቹን እያስተኛሽ ብቻሽን አታልቅሺ። ደውይና አብረን እናልቅስ።

እህታችሁ
ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ቤታችን
ኅዳር 14 ቀን