ለሊያ ሰርግ የተቀመጠው ቦርዶ

ኦክላንድ፣ ኦክቶበር 1997

ለውድ እትዬ ጥሩዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ወንድምዎ ብሩህ ሊያ ስትወለድ የገዛውን የፈረንሳይ ቀይ ወይን ያስታውሱታል? «የቦርዶ ወይን በጠጠር መሬት የበቀለ ነው፤ ቶሎ ከተከፈተ ይመራል፣ ሃያ ዓመት ሲተኛ ነው የሚለሰልሰው» እያለ፣ ለሰርጓ ብሎ የልብስ ማስቀመጫው ክሎዜት ውስጥ አጋድሞት ነበር። ሳጸዳ እንኳ ከነካሁት ይቆጣኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከቼክአፕ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ከፈተው። «ዶክተሩ ምን አለህ?» ስለው፣ «ምንም፣ ደህና ነህ አለኝ» አለ። ደህና የተባለ ሰው የሰርግ ወይን በማክሰኞ ይከፍታል? የሰባት ዓመቷን ሊያን በማንኪያ አቀመሳት። «ያክ፣ ዳዲ!» ስትለው ሳቀና «ግድ የለም፣ ስታድጊ ከአባቴ ጋር ቀምሼዋለሁ ትያለሽ» አላት። እኔ ምንም እንዳላየ ሰው ሳህን አጠብኩ።

እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት፦ አባታችሁን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያመማቸው ምን ነበር? ብሩህን ስጠይቀው ወሬ ይቀይራል። መልሱን በቤት ሳይሆን በሥራ ቦታዬ አድራሻ ይላኩልኝ፤ እንደጠየቅኩም አይንገሩት።

ለሊያ ሰርግ ሁላችንንም ሳያጎድል ያድርሰን።

የወንድምዎ ሚስት፣
ውብዳር