እግራችን ደርሶበት አያውቅም

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ሰላም ናቸው? የትንሿ ጥርስ ወለቀ ወይስ አሁንም እየተነቃነቀ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ሙቀቱን ግን አልቻልነውም። ከቀትር በኋላ የቤታችን ቆርቆሮ እሳት ይሆናል፤ ሻማው እንኳ ማንም ሳይለኩሰው መሳቢያ ውስጥ ጎብጦ አገኘሁት። አባባም አካሉ ደህና ነው። ይበላል፣ ይስቃል፣ ጢሙን ራሱ ይላጫል። ሌላውን ታውቀዋለህ።

ስልክ ትቼ የጻፍኩልህ ወድጄ አይደለም። በደወልኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ትለኛለህ፤ ያ ስብሰባ እስከ ዛሬ አላለቀም መሰለኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤታችሁ ጥበቃ በእጁ ሰጥቼልህ እመለሳለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ሰኞ ሜዳችን ዙሪያውን ታጥሮ ሊዘጋ ነው።

በእኛ ቤቶችና በአዲሱ ሰፊ መንገድ መካከል የቀረችው ያቺ አረንጓዴ ቦታ፣ ማንጎዎቹ ያሉባት ማለቴ ነው። ሌላው ሁሉ ፎቅ ሆኗል፤ አሁን ደግሞ እሷም የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ልትሆን ነው። በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ «ነዋሪው ቦታውን እንደማይጠቀምበት በጥናት ተረጋግጧል» ይላል። ከሥሩ ያረፈው አንተ ያለህበት መሥሪያ ቤት ማህተም ነው። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ማህተሙ የእናንተ ነው፣ ውሸቱ ግን የእኛ ነው። ባለፈው ዓመት ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ሣሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ በሙሉ ሰብስበው እንደወሰዱት ነግሬህ ነበር። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪና ሳይቀር ጭነውባት፣ ስንት ለምና ነው ያስመለሰችው። እናም ለጥናቱ የተላከችው፣ ባጅ አንጠልጥላ ታብሌት የያዘች ልጅ ብቅ ስትል፣ ልታስቀጣን ነው የሚል ወሬ ከእሷ ቀድሞ ከበር በር ደረሰ። ሜዳው ላይ ተሰጥቶ የነበረው አንሶላ ሁሉ ባንዴ ድራሹ ጠፋ።

በሜዳው ትጠቀሙበታላችሁ ወይ፣ ለምን ለምን እያለች ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ፣ ቀሚሷ ላይ ሣር እንደተጣበቀ፣ «እኔ? እግሬም ደርሶበት አያውቅ!» አለቻት። ጡረታ የወጡት ሾፌር፣ ከማንጎው ሥር ዳማ ሲጫወቱ የሚውሉት፣ ሣር ያስነጥሰኛል ብለው ለማስመሰል ሁለት ጊዜ አስነጠሱ። ከፎቁ የሚወርዱት እናቶች እንኳ፣ ልጆቻቸው እዚያ ጥላ ሥር ካልሆነ እንቅልፍ እንቢ የሚሏቸው፣ እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩንም አልሰሙም። እኔም በሬ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከሥራ ወደ ቤት ብቻ ነው የምመላለሰው ብያለሁ። አመሻሽ ላይ ታዲያ እዚያው ሣር ላይ ተሰብስበን ልጅቷን እንዴት እንደሸወድናት እያወራን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አሁን የሚስቅ የለም። ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ተጠራርተን ወደ እናንተ መጥተን ነበር። አንድ ጸሐፊ በትህትና፣ ያን ጊዜ ስትጠየቁ ለምን አልተናገራችሁም አለችን። ሾፌሩ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ አንተ ቢሮ ልወጣ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ።

ወንድም ጋሼ፣ ነገሩ ለሰፈሩ ጥላ ነው፣ ለእኔ ግን አባባ ነው። ጠዋት ወደ ፋርማሲው ከመሄዴ በፊት ማንጎው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አውጥታ አንድ ዓይኗን ከክሩ፣ አንድ ዓይኗን ከእሱ አድርጋ ትውላለች። ሾፌሩ የዳማ ጠጠር ያስይዙታል። ውሃ ሲጠማው የሚሰጠው፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያዞረው ሰው አያጣም። እኔ ሥራ ውዬ የምገባው በዚያ ሜዳ ምክንያት ነው። ከታጠረ የሚቀረኝ በሩን ከውጭ ቆልፌበት መሄድ ብቻ ነው፤ ያንን ምድጃ የሆነ ቤት፣ በአባባ ላይ። እንዴት አድርጌ እንደማደርገው አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ሠራተኞቹ በእኛ በኩል ያለውን የአጥር ቆርቆሮ ቀድመው አቆሙ። አባባ ውሃ ሊሸና ቤት ገብቶ ሲመለስ መግቢያውን አጣው። ቆርቆሮውን በእጁ እየዳሰሰ፣ እየዳሰሰ ዞሮ ሰፊው መንገድ መሀል ገባ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ ሮጣ በኮቱ እጅጌ ጎትታ ስታወጣው፣ አውቶቡሱ ፍሬን ይዞ ሊነካቸው ምንም አልቀረውም ነበር። እጅጌው ተገነጠለ። ተጠርቼ ስደርስ እሷ እያለቀሰች እጅጌውን መልሳ ትሰፋለች፣ እሱ ደግሞ ረፍዶብኛል፣ ልቀቁኝ ረፍዶብኛል ይላል። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ለምን እንደማትመጣ አውቃለሁ። ባለፈው ስትመጣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይቅርታ፣ እርስዎን አላወቅሁዎትም» ሲልህ እዚያው ነበርኩ። አባትህ አንቱ ሲልህ። መነጽርህን አውልቀህ በክራቫትህ ጫፍ ጠረግህ፣ ሰዓትህን አየህና ወጣህ። ከዚያ ወዲህ አስቤዛ በሰው ትልካለህ፣ እግዜር ይስጥልን። ተቀይሜህ አላውቅም ብልህ ግን ውሸት ነው። ተቀይሜሃለሁ።

አሁን የምነግርህን አንተም ታውቀው ይሆናል። ትናንት ያቺ የታብሌቷ ልጅ የራስ ምታት መድኃኒት ልትገዛ ፋርማሲያችን ገባች። አስታወሰችኝና ሰፈራችሁ እኮ አስቸገረኝ አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው እግሬ ይደርሳል ያሏት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው አለች፤ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ። በየቀኑ እመጣለሁ አሏት። ምን ሊሠሩ ስትላቸው፣ «ልጄን ልቀበል፤ ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ነው» ብለው ወደ መስታወቱ ሕንፃ ጠቆሟት። ትምህርት ቤታችን የነበረበት፣ ታስታውሳለህ። ስሙን ብትጠይቃቸው፣ «እኔ ፌንጣ ነው የምለው፤ ሣሩን እየዘለለ ነው የሚመጣ፤ መጥቶ ሲያጣኝ ደግሞ ይፈራል» አሏት።

የሽማግሌው ልጅ መሆኔን አላወቀችም፣ እኔም አልነገርኳትም። ቃል በቃል ጽፋው ነበር። አለቃዋ መልሶቹን ሲያይ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ አለች። ከዚያ መነጽሩን በክራቫቱ ጫፍ ጠርጎ፣ ይሄ ትክክለኛ መልስ አይደለም፣ ይውጣ ብሏት በሩን ዘጋ። አለቃዋ ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። መድኃኒቷን ሰጠኋት፣ ሄደች።

ልጅቷን መልሳችሁ ላኩልን። የሰፈሩ ሰው ምሎ ተገዝቷል፤ ልብሳችንን እናሰጣበታለን፣ ዳማ እንጫወትበታለን፣ ልጆቻችንን እናስተኛበታለን ብለን በአንድ አፍ እንነግራታለን። ሾፌሩም ላያስነጥሱ ቃል ገብተዋል።

አንተ ግን ከሰኞ በፊት ራስህ ና። መኪናህን ራቅ አድርገህ አቁምና በመስታወቱ ሕንፃ በኩል፣ ገና ባልታጠረው፣ ሣሩን አቋርጠህ በእግርህ ና። አንቱ ቢልህም አትከፋ፣ ዝም ብለህ አጠገቡ ተቀመጥ። ቦታ አለ። አግዳሚው ላይ በቀኙ በኩል ማንንም አያስቀምጥም፤ ተይዟል ይላል።

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይሰውርህ፣ ልጆችህን በዓይንህ ፊት ያሳድግልህ፣ ለእነሱም የሚጠብቃቸው ሰው አያሳጣቸው።

ታናሽ እህትህ