ኪታራውን እሳት ያሞቅኩት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፴፪፣ መተማ

ምስጥ የጣልያኑን ወረቀት በላ፤ እኔን ደግሞ አፌ በላኝ።

ጨው ልገዛ ወደ መተማ ገበያ ወርጄ ሐሙስ ዕለት ስመለስ ኬላው ላይ የጣልያን ወታደሮች ያዙኝ። ይለፍ የለኝም። ከአብርሃ ጅራ ነኝ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ የአርማጭሆ ሰው ሁሉ አርበኛ ይመስላቸዋል። ጠባቂው «መልእክት ደብቀሃል» ብሎ የክራሬን ቆዳ በሳንጃ ቀደደው። ምን አገኘ? አየር። ከዚያ ወዲህ በሽቦ በታጠረው ምሽግ ውስጥ ውሃ ቀጂና እንጨት ፈላጭ ሆኛለሁ።

ዛሬ ጧት የምሽጉ አዛዥ ካፒቴኑ ሲጮህ ግቢው ተናወጠ። እሁድ ከጎንደር አንድ ኮሎኔል ለምሳ ይመጣል። ቤፔ የሚሉት የጭነት መኪናው፣ የካሚዮኑ፣ ነጂ ኪታራ እየመታ ሊያስተናግደው ነበር። ኪታራ የፈረንጅ ክራር ነው፤ ስድስት ጅማት፣ ወገቡ የቀጠነ የእንጨት ሣጥን፣ እንደ ግመል የረዘመ አንገት። ቤፔ ዜማውን የሚመታው ከወረቀት እያነበበ ነው። ዛሬ የወረቀቱን ሣጥን ሲከፍት ምስጥ ዱቄት አድርጎታል። ያለ ወረቀት የሚያውቃት አንዲት ዜማ ብቻ ናት፤ እሷንም አይዘልቃትም።

እኔ እንጨቴን አራግፌ ዝም ብል ምን ነበረበት? ማን ጠየቀኝ?

«ያለ ወረቀት እኔ እመታዋለሁ! ክር የተወጠረበት ነገር ሁሉ ለኔ አንድ ነው!»

አስተርጓሚው ገብሬ ዞር ብሎ አየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ልተርጉመው ወይስ ልተውልህ?»

«ተርጉመው እንጂ!»

ተረጎመው። የካፒቴኑ ፍርድ፦ እሁድ ካስደሰትኩ ይለፍ ሰጥቶ ወደ ቤቴ፤ ካሳፈርኩት ጎንደር እስር ቤት።

ኪታራ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፮

ይህን የምጽፈው ስለምችል ነው። በክረምቱ ከጎጃም ሰሊጥ ሊያርሙ የወረዱ አንድ መሪጌታ ማታ ማታ ፊደል አስቆጠሩን። ከተማሪዎቹ አንደኛ እኔ ነበርኩ። (ሦስት ነበርን። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ አይኑ አያይም።)

ቤፔ ኪታራውን ሲሰጠኝ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው። አባቱ ነው የሠራው። አማርኛው እንደ ሕፃን ነው፤ የኔ ጣልያንኛ ደግሞ ከዳቦና ከስድብ አያልፍም። ተግባባን።

ክራር ላይ በቀኝ እመታለሁ፣ በግራ ጣቶቼ የማልፈልገውን ጅማት ዝም አሰኛለሁ። ይህኛው ግልባጩ ነው። በግራ የማይጫኑት ጅማት አይታዘዝም፤ አንገቱ ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ ብረቶች አሉ። ጣቴ አበጠ። የቀኝ እጅ ጣቶች ደግሞ በአንድነት አይመቱም፤ አውራ ጣት ለብቻው ወፍራሞቹን ይመታል፣ ሌሎቹ ቀጫጭኖቹን።

ቤፔ የሚያውቃትን ዜማ መታልኝ። መሐል ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይስታል። ሲስት «ኖ!» ይልና ከመጀመሪያ ይጀምራል። ያችን ቦታ አልፎ አያውቅም። ሳቄን መቻል አቃተኝ፣ እሱም ሳቀ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፯

ዘዴ አገኘሁ። እኔ ነኝ ያገኘሁት። ስድስቱን ጅማት እንደ ክራሬ በትዝታ ቃኘኋቸው። ቤፔ ጆሮውን ያዘ። ከዚያ አውራ ጣቴን ለብቻው ለቀቅኩት፤ እንደ ለመደች አህያ መንገዱን ይሂድ፣ ሌሎቹ ጣቶች ግራ ቀኝ ይዋልሉ።

ደስ ብሎኝ በዜማው ላይ ስንኝ ጨመርኩ። አፌ ሲከፈት እኔ ሰው ነኝ። በአርማጭሆ ክራር ይዤ ስገጥም ፍየል ቅጠሏን ትታ ትሰማለች። (አንዲት ፍየል ናት፣ እሷም የኔው ናት።)

ካፒቴኑ በመስኮት ሰማ። ገብሬ እየሮጠ መጣ። «ቃል የለም ይልሃል። እሱ የማይገባው ቃል ምሳው ላይ አይነገርም። አፍህን ዘግተህ ምታ።»

በቃ። ያለ ቃል እኔ ምን ነኝ? ክራር ስመታ የማልፈው በአፌ ነው፤ ጣቴ ቢስት በቀልድ እሸፍነዋለሁ። አሁን በጣት ብቻ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሽቦው ዛሬ ጠጋ ያለኝ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፰

ይህን ቀን ሰይጣን ይውሰደው።

ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ጧት ኪታራውን ስነካው ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። ክራር ከዝናብ በኋላ እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል? ቆዳው እንዲወጠር እሳት ይሞቃል፤ አገር የሚያውቀው ነገር ነው። ከወጥ ቤቱ ፍም አጠገብ፣ ጀርባውን ወደ እሳቱ አድርጌ አስደገፍኩት። ለደግነቴ ብዬ ፍሙን ቆስቆስ አደረግኩ።

ጧ! አለ።

ኪታራ ቆዳ የለውም። ሁሉም እንጨት ነው፣ እንጨቱን የያዘው ማጣበቂያ ነው፣ ማጣበቂያው ደግሞ ቀለጠ። የጀርባው ጠርዝ እንደ ሳቂታ አፍ ተከፈተ።

ቤፔ መጣ። አየ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ቁጭ አለና በተከፈተው ቦታ ጣቱን አስገብቶ «አባቴ ሠራ» አለ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ለካፒቴኑ አልተናገረብኝም።

አርብ፣ ጥቅምት ፱

ለምሽጉ ስኳር የሚያመጡት ነጋዴ ሼህ ኑሩ መጡ። ወደ ሱዳን የሚልኩት የግራር ሙጫ አላቸው። «አባቴ፣ ትንሽ ሙጫ ይስጡኝ፣ የነፍሴ ጉዳይ ነው» አልኳቸው።

«ምን ሰበርክ ደግሞ?»

«ፈረንጅ።»

እየሳቁ እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ። ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። በአብርሃ ጅራ አልፈው ነው የመጡት። «ሰሊጥህ ከታች መከፈት ጀምሯል። የሺ ብቻዋን ማጭድ ይዛ አየኋት። ወዴት እንደጠፋህ የነገራት የለም፤ እኔም አሁን ገና ማየቴ ነው።»

ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። በጊዜው ካላጨዱት ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከአፈር ለቅሞ የሚበላው ጉንዳን ነው። የዓመት ኑሯችን እሱ ነው። ሚስቴ የሺ ደግሞ እርጉዝ ናት፣ ማጎንበስ ይከብዳታል።

ሙጫውን በሙቅ ውሃ አሟሟሁ፣ ቤፔ ጠርዙን ያዘ፣ እኔ ቀባሁ። ከወገቤ ድጌን ፈትቼ፣ በሱ ጠቅልዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። «አንንካው» ተባብለን እያየነው ተቀመጥን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲

ሙጫው ይዟል! ግን አጥብቄ መቃኘት ፈራሁ፣ ጅማቶቹን አላላኋቸው። ስመታው ውስጡ ይርገበገባል፣ ይንዘረዘራል። ቤፔ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ ግን ጆሮዬ ቆመ፤ በገና ነው! በገናም የሚያምረው ስለሚንዘረዘር ነው። «ተው አትዘን፣ አሁን ገና አፍ ፈታ» አልኩት። አልገባውም።

አንድ ነገር አስተማርኩት። ስትስት ወደ መጀመሪያ አትመለስ። የሳትካትን ደግመህ ምታት። አንዴ ከሆነ ስህተት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ ሰው አውቀህ ያደረግከው ይመስለዋል። አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አባቱ በአለንጋ ነው ያስተማረው መሰለኝ።

እኔስ? ምክሩን ለሌላ መስጠት ቀላል ነው። ነገ እሁድ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት ፲፩

ልብ በሉልኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ኮሎኔሉ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነው። ለምሳው ከተሠራው ዳስ ጥግ በርጩማ ሰጡኝ። የቤፔን ዜማ የመሰለ ነገር ጀመርኩ፣ ፈረንጆቹ ደስ እንዲላቸው። ወዲያው ሳትኩ። ማንኪያዎቹ ቆሙ። አፌ ሊከፈት ሲል ካፒቴኑ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሽቦው በደረቴ ዙሪያ የተጠመጠመ መሰለኝ።

የሳትኳትን ደግሜ መታሁ። ደግሜ። አውራ ጣቴ መንገዱን ያዘ፤ አጨዳ ይመስላል፣ ማጭድ ሲገባና ሲወጣ። ሌሎቹ ጣቶች ነዶ አሰሩ። ነዶውን አቆሙ። የሺ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አየኋት፣ እሷንም መታኋት፤ ቀስ ብዬ፣ በአንድ ጅማት። ከዚያ ነዶውን ገልብጬ ሳራግፈው ሰሊጡ ሲፈስ በቀጫጭኖቹ ላይ ወረደ። ያ የተሰበረ ጀርባ ከሥሩ ይንዘረዘራል። ማን አስተማረኝ? እንጃ። ቀድሜ ያሰብኩት አንድም አልነበረም፤ ጣቴ ሲደርስ መንገዱ እዚያ ነበር።

ስጨርስ ኮሎኔሉ አጨበጨበ። ቤፔ ከካሚዮኑ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። አርማጭሆ አንድ ክራር መቺ አላት፣ ስሙም መኳንንት ነው። እኔ ነኝ!

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪

ይለፌን ልቀበል ሄድኩ። ገብሬ አይኔን ማየት አልቻለም።

«እስከ ገና ትቆያለህ ይልሃል። ኮሎኔሉ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ዳቦ ትበላለህ፣ ምን ጎደለህ? ይልሃል።»

ብሳሳት እስር ቤት፤ ባልሳሳት ይኸው። በጣም ጎበዝ ሆኜ ራሴን አሰርኩ።

ወጥ ቤቱ ጥግ ወድቄ ተቀመጥኩ። ቤፔ መጣ። እሱም ወደ አገሩ የሚመለስበት ጊዜ ካለፈ ዓመት ሆኖታል፣ አይለቁትም። «እኔም ይለፍ የለም» አለ። ከዚያ ተነሣና ኪታራውን አምጥቶ፣ ጀርባውን ወደ ፍሙ አድርጎ፣ በገዛ እጁ አስደገፈው።

«ቤፔ! ተው! አባትህ...»

«አባቴ ጎበዝ፣ አይቆጣም» አለ። «ጎንደር አናጢ አለ።»

ጧ! ሲል ሁለታችንም ዘለልን። የተከፈተውን ይዞ ወደ ካፒቴኑ ሮጠ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፫

ከሸኸዲ ማዶ፣ ከግራር ሥር ነው የምጽፈው። ቸኩያለሁ።

ካፒቴኑ ኪታራው ለገና እንዲደርስ ፈልጎ ፈቀደ። ቤፔ እየነዳ፣ እኔ ኪታራውን ከመንገጫገጭ እየጠበቅኩ ወደ ጎንደር። ይለፉን ተቀበልኩ፣ ፊደሉ የፈረንጅ ነው፣ አንዲትም አላነበብኩ። ስሜ የቱ ጋ እንደሆነ ገብሬ አሳየኝ። አጭር ናት።

የአርማጭሆ የእግር መንገድ ከሚገነጠልበት ስንደርስ ቤፔ ካሚዮኑን አቆመ። «ሞተር ሞቀ» አለ። ሞተሩ ጭስ እንኳ የለውም። ባዶ ታኒካ ሰጠኝና ወደ እግር መንገዱ ጠቆመ። «ውሃ አምጣ።» ወንዙ ከኋላችን ነው፣ አሁን ተሻግረነው መጣን።

«በዚህ በኩል?»

«ሩቅ ነው። ሂድ።»

«አንተን ምን ይሉሃል?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ምን እንደሚሉት ሁለታችንም አናውቅም። ኪታራውን በጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። እጁን ጨብጬ፣ ታኒካውን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ቁጥቋጦው ሲጋርደኝ ዜማውን ጀመረ። ጀርባው ተከፍቶ ይንዘረዘራል። እዚያች ቦታ ደረሰ፣ ሳተ። ቆምኩ። ከመጀመሪያ ሊጀምር ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ያችኑ ስህተት ደግሞ መታት። አሁንም ደገማት። ከዚያ አውራ ጣቱ መንገድ ያዘ፣ እኔ ወዳላስተማርኩት፣ ወረቀቱም ወደማያውቀው።

ሰሊጡ ይቆየኝ አይቆየኝ አላውቅም። ታኒካው በእጄ ነው። አሁንም ይሰማኛል፣ እየመታ ነው።